ዘጠና ስድስት

በሊየፓያ ንፋሱ በር ያንኳኳል እንጂ አይገባም፤
ሠላሳ ዓመት ነርስ ነበርኩ፣ ማንም ሳይታጠብ አላለፈኝም።
ተላላፊ ሕመም ክፍል፣ ሁለት በር ያለው ኮሪደር፤
አንደኛው ካልተዘጋ ሌላው የማይከፈት ነበር።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ወንድሜ መኪናውን ሸጠልኝ።
«እንከን የላትም» አለ ታሊቫልዲስ፣ ቁልፉን ሲሰጠኝ፤
ማለ፣ በእናታችን ስም፣ መዳፉን ኮፈኖዋ ላይ ጥሎ።
በሦስተኛው ቀን መብራት በራ፣ ብርቱካን መስሎ።

የጋራዡ ሰው «ለማየት ብቻ ስልሳ ዩሮ» አለኝ።
የጎረቤቴ ልጅ ራይቪስ ሳቀና ፍላሽ ሰጠኝ፦
«ፕሮግራሙ ነፃ ነው፤ ቁልፉን የሰበሩት ሰዎች አሉ።
ሲጫን ጸረ ቫይረሱን አጥፊው፣ ለአፍታ ነው ይላሉ።»

አጥፊው!
እንግዳ ሊገባ ነውና ዘበኛውን አስተኚው፣
እጅሽን አትታጠቢ፣ ጭምብልሽንም አውልቂው!
ነፃ የተባለ መድኃኒት ስንት አልጋ እንደሞላ
እኔን ጠይቁኝ። ፍላሹን መለስኩለት፣ ከኬክ ጋር፣ ከምሳ በኋላ።

ከሠሪው ድርጅት ገዛሁ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዩሮ አውጥቼ፣
አድራሻውን እንደ ብልቃጥ ጽሑፍ ፊደል በፊደል አይቼ።
ሠሪው ለፋይሉ የሰጠው ረጅም የጣት አሻራ ነበር፤
አመሳከርኩት፣ የደም ከረጢትን ከታማሚው የእጅ አምባር
እንደምናመሳክረው፤ ሁለት ጊዜ፣ ድምፄን አውጥቼ፣
የምትሰማኝ ሌላ ነርስ ባትኖርም አጠገቤ።

ለዚህ ሥራ የለየሁት አሮጌው ላፕቶፕ ነው፤
የልጅ ልጆቼ ፎቶ፣ የባንኬ ምስጢር የሌለው።
የቀረውን ቀድቼ ዲስኩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት፤
ለፕሮግራሙ ስም ከፈትኩ፣ የማዘዝ ሥልጣን የነፈግኩት።
ጸረ ቫይረሱ እንደ ነቃ፣ የኢንተርኔቱ ገመድ እንደ ተነቀለ፣
ተጫነ። ጓንት አላደረግሁም፤ እጄ ግን ያደረገ መሰለ።

መሪው ሥር ጎንበስ ብዬ ሶኬቷን በጣቴ ፈለግሁ፣
እንደ ሕፃን ደም ሥር፤ ሦስቴ ስቼ በአራተኛው አገኘሁ።
መሃል ላይ እንዳትዝል ባትሪዋን ከቻርጀር አሰርኩ፤
«አንብብ»ን እንጂ «ሰርዝ»ን በጣቴ ላልነካ ማልኩ።

ስክሪኑ ተናገረ፦ ሦስተኛው ሲሊንደር እሳቱን ይስታል።
ገምቼው ነበር፤ ሰላሳ ዓመት ሳል የሰማ ጆሮ ያውቃል።
ከሥሩ ግን አንዲት መስመር፣ እኔ ያልጠየቅኋት፣
ጥግ ላይ እንደተቀመጠች፣ ያየችውን እንደምትናገር ሕፃን ናት፦
«ስህተቱ ከተሰረዘ ወዲህ የተጓዘው መንገድ፣
ዘጠና ስድስት ኪሎ ሜትር።»
                                    ደግሜ አነበብኩ፣ ሳልፈቅድ።

ከኩልዲጋ እስከ ደጃፌ ዘጠና ነው።
ስድስቱ የእኔ ናቸው፦
ዳቦ ቤት፣ ፋርማሲ፣ አንድ ቀን ደግሞ እስከ ባሕሩ፣
ማዕበሉን መስኮት ዘግቼ ላየው።
ዜሮው እሱ ግቢ ነው። ገመዱን ሰክቶ፣ መብራቷን አጥፍቶ፣
ኮፈኖዋን ወልውሎ፣
ከዚያ ነው የመጣው፤ በእናታችን ስም ሊምል ተዘጋጅቶ።

ሁለት በር ዘግቼ፣ አሻራ አመሳክሬ፣ ገመድ ነቅዬ፣
እሱን ግን ጉንጩን ስሜ አስገባሁት፣ ወንድሜ ብዬ።

እሑድ ሊበላ መጣ። «መኪናዋስ?» አለ፣ ሾርባውን እያማሰለ።
«ዘጠና ስድስት» አልኩት። ማንኪያው አየር ላይ ዋለ።
ስለ ዝናብ አወራን። ዳቦ ጨመርኩለት፤ በላ።
ሲወጣ ጫማውን ለማሰር ብዙ ቆየ፣ ከወትሮው ይልቅ ዘገየ፣ ሌላ
ነገር አልነበረም።

ማክሰኞ በፖስታ አዲስ ኮይል መጣ፤ ደብዳቤ የለውም።
ራይቪስ መብራት ያዘልኝ፤ ብሎኑን ግን አልነካውም።
«ይሰረዝ? እርግጠኛ ነሽ?» ሲል ጠየቀኝ ፕሮግራሙ።
ዘጠና ስድስትን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ከነቀኑ፣ ከነስሙ።
ከዚያ ሄጄ እጄን ታጠብኩ፣ መሐላዬንም አፈረስኩ፤
አንድ ጣቴን፣ ቀስ ብዬ፣ «አዎ» ላይ አሳረፍኩ።